ሁለቱም ክሬም ናቸው፣ የቱን ልቀባ?

«ሰላም እንዴት ናችሁ። ሳሎናችንን ልናስቀባ ነው እና ሁለት ከለር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሁለቱም ክሬም ናቸው፣ አንዱ ትንሽ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ሌላው ሞቅ ያለ ነው። ካታሎጉ ላይ ልዩነታቸው ይታያል፣ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ስቀባቸው ግን ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ይሆኑብኛል። ለእህቴ ፎቶ ልኬላት ሞቅ ያለው ሮዝ ነው አለችኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አንዱን ቀብተሽ ገላግዪን ይላል። አሁን ያለው ግድግዳ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ ወለሉ ወደ ቢጫ የሚሄድ ሴራሚክ፣ ሶፋው ቡናማ። መስኮታችን የሚያገኘው የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነው፣ ማታ ነጩን ኤልኢዲ ነው የምናበራው። ቀቢው በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል። የቱን ልምረጥ?»
ክሬም ያዞራት

ሰላም እህቴ፣ መጀመሪያ የሮዙን ነገር እንጨርስ፣ እሱ ከተፈታ ግማሹ ጭንቀትሽ ይቀላል። ሞቅ ያለው ከለርሽን ሮዝ ያስመሰለው እኔ እንደምጠረጥረው አረንጓዴው ግድግዳ ነው። ዓይናችን እኮ ከለርን ለብቻው አያይም፣ ከጎኑ ካለው ጋር እያወዳደረ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ በአረንጓዴ የተከበበ ክሬም ከአረንጓዴ ወደ ተቃራኒው ይገፋል፣ የአረንጓዴ ተቃራኒ ደግሞ ቀይ፣ ሮዝ ምናምን ነው። ካላመንሽኝ አሁኑኑ ሞክሪው፣ ግድግዳሽ ፊት ቆመሽ አንድ ነጥብ ላይ ዓይንሽን ሳታንቀሳቅሺ ሰላሳ ሰከንድ ያህል አፍጥጪበት፣ ከዛ ቶሎ ብለሽ ነጭ ወረቀት እዪ። ወረቀቱ ላይ ለትንሽ ጊዜ ሮዝ ሮዝ የሚል ነገር ይታይሻል። አረንጓዴው ፈዛዛ ስለሆነ ደብዘዝ ይላል ግን አለ። ክሬሟ ላይም የሚሆነው ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው።

ይኼ ነገር የቆየ ነው። ፓሪስ ውስጥ ጎብላን የሚባለው ታዋቂ የግድግዳ ምንጣፍ መሸመኛ ቤት በ1824 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሚሼል ኧዤን ሼቭሩል የሚባል ኬሚስት የክር ማቅለሚያው ኃላፊ ሆኖ ገባ፣ እና ከገጠሙት አቤቱታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር ደክሟል፣ ጥቁር አይመስልም የሚል ነበር። ሰውዬው ክሩን ቢመረምረው ክሩ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ከጥቁሩ ጎን የተሸመኑት ከለሮች ላይ ነበር። ከዛ በ1839 ጎን ለጎን ያሉ ከለሮች እርስ በርስ እንዴት እንደሚለዋወጡ በመጽሐፍ አወጣው። እና አንቺም ያለሽበት ቦታ ያው ነው፣ ክሬሙን ትወቅሻለሽ ጥፋተኛው ጎረቤቱ።

የእህትሽ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም እሷ ያየችው ግድግዳውን ሳይሆን ስልክሽ የተረጎመውን ግድግዳ ነው። የስልክ ካሜራ ነጩን ነጭ ለማድረግ በራሱ ያስተካክላል፣ ፎቶው በአብዛኛው አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴውን ለማቃለል ሮዝ ነገር ሊጨምርበት ይችላል። ከዛ ላይ የእሷ ስክሪን አለ፣ የማታ ሞድ (ስክሪኑን ሞቅ የሚያደርገውን) አብርታ ከሆነ ደግሞ አለቀ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል። ስለዚህ ለክሬም አይነት ከለር በፎቶ ድምፅ ማሰባሰብ ተይው። ለደማቅ ሰማያዊና ለጥቁር አረንጓዴ ምናልባት፣ ለሁለት ክሬም ግን በፍጹም። እህትሽን ካመንሻት ትምጣና ትይ።

አሁን ወደ ሥራው። ግድግዳው ላይ የቀባሻቸውን ሁለት ቁራጮች እርሺያቸው፣ ምንም አይነግሩሽም። ሁለት ወፍራም ነጭ ካርቶን ግዢ፣ ትልልቅ ይሁኑ፣ በየጎኑ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ እና እያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ከለር በሮለር ሁለት እጅ ቀቢ፣ ዙሪያውን ሦስት አራት ጣት የሚሆን ነጭ ጠርዝ ሳትቀቢ ተይለት። ያ ነጭ ጠርዝ ነው ዓይንሽን ከአረንጓዴው የሚያላቅቀው። እንደውም ነጭ አንሶላ ካለሽ ካርቶኑን የምታይበት ግድግዳ ላይ ስቀይውና አረንጓዴውን ሸፍኚው፣ ቤተሰቡ ይስቅብሽ ይሆናል ግን ይሠራል። ሁለተኛው እጅ ላይ አትስነፊ፣ አንድ እጅ ብቻ ሲሆን ከስር ያለው ያስተላልፋልና ከለሩ ገና አልወጣም። እና ሳይደርቅ አትፍረጂ! በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም እርጥብ እያለ ነጣ ይላል፣ ሲደርቅ ነው የሚጠቁረው፣ ስለዚህ ዛሬ ቀብተሽ ነገ ነው የምታዪው።

አንድ ሌላ ነገር፣ የምትሞክሪበት ቀለም እና በኋላ የምትቀቢው ቀለም አንጸባራቂነታቸው አንድ ይሁን። ሳምፕሉ ማት (የማያብረቀርቀው) ሆኖ ግድግዳው ሳቲን (ትንሽ የሚያብረቀርቀው) ከተቀባ ያው ኮድ እንኳን ሌላ ከለር ይመስላል፣ ማት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ፈዘዝ ይላል፣ ሳቲኑ ከአንድ ወገን ስታዪው ጠለቅ ይላል ከሌላው ወገን ደግሞ ያበራል። ጠዋት ፀሐይ በጎን የሚገባበት ሳሎን ላይ ሳቲን የግድግዳውን እብጠትና የስቱኮ ጥገና ሁሉ ነው የሚያወጣው፣ እኔ ብሆን ማት ወይም ከማት ትንሽ ከፍ ያለውን ነው የምወስደው።

አሁን ዋናው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። ካርቶኖቹን ጎን ለጎን አታቁሚያቸው። አውቃለሁ፣ እጅሽ ወደዛው ነው የሚሄደው፣ ማወዳደር ማለት ጎን ለጎን ማየት ነው ብለን ስለምናስብ። ግን ሁለት ተቀራራቢ ከለሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ያው የሼቭሩል ነገር ይመጣል፣ ግራጫ የሚያደላው ሞቃቱን ይበልጥ ሞቃት ያደርገዋል፣ ሞቃቱ ደግሞ ግራጫውን ይበልጥ ቀዝቃዛ ያደርገዋል፣ እና አንቺ ስትመርጪ የምታዪው ልዩነት ቤቱ ከተቀባ በኋላ የማይኖር ልዩነት ነው። ሳሎኑ ከተቀባ በኋላ የተጣለው ክሬም የት ይታያል? የትም። ከዛ በኋላ ከክሬምሽ ጋር የሚኖሩት ሴራሚኩ፣ ሶፋው፣ መጋረጃው እና አምፖሉ ናቸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ክሬም ከእነሱ ጋር ነው ማወዳደር ያለብሽ፣ ለየብቻው፣ አንዱን ስታዪ ሌላው መኝታ ቤት ይቀመጥ።

በወለሉ ጀምሪ፣ ወለሉን አትቀይሪውማ። ካርቶኑን ዞኮሎው ጋ አድርገሽ ከሴራሚኩ ጋር እንዲነካካ መሬት ላይ አቁሚው፣ ራቅ በይና ቁጭ ብለሽ እዪው። የምትፈልጊው «ያምራል ወይ» የሚለውን አይደለም፣ ሁለቱም ያምራሉ። የምታዪው ክሬሙ ወለሉ አጠገብ ሲሆን ቆሻሻ ይመስላል ወይ፣ ወይም ወለሉን ከድሮው ይበልጥ ቢጫ ያደርገዋል ወይ የሚለውን ነው። ወደ ግራጫ የሚያደላ ክሬም ቢጫ ወለል አጠገብ አንዳንዴ ረጋ ብሎ ያምራል፣ አንዳንዴ ግን ያልታጠበ ጨርቅ ይመስላል፣ ሴራሚኩም ጭራሽ ቢጫነቱ ይጮሃል። ሞቃቱ ደግሞ ከወለሉ ጋር ተስማምቶ አንድ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ሁሉም ነገር ቢጫ በቢጫ ሆኖ ይከብድሻል። ይኼን ማንም ከሩቅ ሊነግርሽ አይችልም፣ ካርቶኑ ነው የሚነግርሽ፣ እና የሚነግርሽም ቶሎ ነው፣ ብዙ ማፍጠጥ አያስፈልግም። እንደውም ባፈጠጥሽ ቁጥር ዓይንሽ ይለምደዋል፣ መጀመሪያ ስታዪው የተሰማሽን ያዢ።

ከዛ ከሶፋው ኋላ አቁሚው፣ ከዛ ደግሞ ጥግ ላይ፣ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት። ጥግ ላይ አንዱ ግድግዳ ብርሃኑን ለሌላው ስለሚያቀብል ከለሩ ይጠልቃል፣ ክፍሉ አራቱም ግድግዳ ሲቀባ የሚሆነውም ይኼው ነው፣ ካርቶኑ ግን ጎኑ ገና አረንጓዴ ስለሆነ በከፊል ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ካታሎግ ላይ ጣት የምታክል ቁራጭ ሆኖ ፈዛዛ የነበረ ከለር ክፍል ሙሉ ሲሆን ጠንከር የሚለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ትንሽ በዛ» ብለሽ ያሰብሽው ግድግዳው ላይ በእርግጠኝነት ይበዛል።

ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ይሆኑብኛል ያልሽው ነገር ትክክል ነሽ፣ ይሆናሉ። የጠዋት ፀሐይ ቀጥታ ሲገባ ብርሃኑ ሞቃት ነው፣ ከዛ ላይ ቢጫው ሴራሚክ ላይ አርፎ ነጥሮ ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ጠዋት ግራጫው ክሬም እንኳን ሞቅ ይላል፣ ሞቃቱ ደግሞ ሊቃጠል ይደርሳል። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ካለፈች በኋላ ግን ክፍሉ የሚያገኘው የሰማዩን ብርሃን ነው፣ እሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ያኔ ግራጫው ክሬም ይቀዘቅዛል፣ ዝናባማ ቀን ላይማ ሲሚንቶ ሊመስል ይችላል። አንቺ ሳሎኑ ውስጥ የምትቀመጪው መቼ ነው? ጠዋት ሥራ የምትሄጂ ከሆነ ያ የሚያምር የጠዋት ብርሃን ለሶፋው ብቻ ነው የሚያበራው፣ እና ክፍሉን የምትኖሪበት ከሰዓት እና ማታ ከሆነ በከሰዓትና በማታ ነው መፍረድ ያለብሽ። ብዙ ሰው ግን ቀለም የሚመርጠው ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሲያምር ነው፣ ከዛ ማታ ማታ ይበሳጫል።

ማታ ካልን ደግሞ አምፖሉ መጣ፣ እና እውነቱን ልንገርሽ አይደል፣ የአንቺ ጥያቄ ግማሹ የአምፖል ጥያቄ ነው። የኤልኢዲው ካርቶን ላይ ኬልቪን የሚል ቁጥር አለ፣ ከቁጥሩ በኋላ ኬ ተብሎ የተጻፈው። 2700 እና 3000 ቢጫማው ሞቃት ብርሃን ነው፣ 4000 መሀል ላይ ነው፣ 6500 ደግሞ ብዙ ጊዜ ዴይላይት የሚሉት ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ነው። አንቺ ነጩን ነው የምናበራው ስላልሽ 6500 ወይም እዛ አካባቢ ነው ብዬ ልያዘው። በሱ ስር ግራጫው ክሬም የመጠበቂያ ክፍል ግድግዳ ይመስላል። በ3000 ስር ግን ያው ግራጫ ክሬም ለስለስ ብሎ ያምራል፣ በተቃራኒው ሞቃቱ ክሬም በ3000 ስር ከቢጫው ወለልና ከቡናማው ሶፋ ጋር ተደምሮ ክፍሉን ሙሉ ማር ያደርገዋል። ገባሽ አይደል፣ ከለሩን ብቻውን መምረጥ አይቻልም፣ ከለርና አምፖል አብረው ነው የሚመረጡት፣ አምፖሉ ደግሞ ከቀለም ይረክሳል፣ ለመቀየርም አንድ ወንበር ላይ መውጣት ነው። ሌላ ሲአርአይ የሚባል ቁጥርም አለ፣ አምፖሉ ከለሮችን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር፣ 80 የተለመደው ነው፣ 90 እና ከዛ በላይ ካገኘሽ ለሳሎን እሱን ውሰጂ፣ ዝቅተኛው ሲሆን የቆዳሽም የግድግዳውም ከለር ይሞታል።

እና የቱን? ጠየቅሽኝ አይደል፣ አልሸሽም። አምፖሉን አንቀይርም የምትሉ ከሆነ ሞቃቱን ቀቢ፣ ከሰዓት ፀሐይ የሌለው ክፍልና ነጭ ኤልኢዲ አንድ ላይ ግራጫውን ያደርቁታል። አምፖሉን ወደ 3000 ትቀይሪያለሽ ካልሽ ደግሞ ግራጫ የሚያደላውን፣ እሱ ቢጫውን ወለል ያረጋጋልሻል፣ ሴራሚኩ አጠገብ ቆሻሻ ካልመሰለ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነበር የማደርገው፣ ማታ ነጭ ብርሃን ስር መቀመጥ ስለማይሆንልኝ፣ ግን ይኼ የኔ ምርጫ ነው፣ ነጭ ብርሃን የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ ማታ የሚያነቡ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ይገባኛል። ሁለቱም ጋ ግን ሁኔታው አንድ ነው፣ ካርቶኑ ላይ፣ ነጩ አንሶላ ፊት፣ ማታ፣ በምታበሪው አምፖል ስር ታይቶ መሆን አለበት። ሞቃቱ ነጭ ጠርዙ ውስጥ ሆኖም ሮዝ ካለ ያኔ እህትሽ ልክ ነበረች፣ ቀለሙ ውስጥ ቀይ ማቅለሚያ ሳይገባበት አይቀርም፣ ተይው ወይም ያው ከለር ቀይ የሌለበትን ሱቁን ጠይቂ።

ሁለቱም ካለፉና አሁንም ካቃተሽ የካታሎጉ የከለር ካርድ ጀርባ ኤልአርቪ የሚል ቁጥር ፈልጊ። ከተጣለበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ነው የሚያሳየው፣ ከ0 እስከ 100፣ 0 ጥቁር 100 ነጭ። ክፍልሽ ከሰዓት ብርሃን ስለሚያጥረው ቁጥሩ የሚበልጠውን ውሰጂ። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ከሆነ ግን ቁጥሩንም ተይው፣ አይታይም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ አንድ ናቸው ያለው ስህተት ነው ግን ያን ያህል ስህተት አይደለም። ተለያይተው ሲታዩ እውነትም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ አንዱን ቀብተሽ ሌላውን ቀባሁ ብትዪው አያውቅብሽም፣ እንግዳም አያውቅም። በነገራችን ላይ የቀይና አረንጓዴ ልዩነት የማየት ችግር በወንዶች ላይ ከሴቶች በጣም ይበዛል፣ ሳያውቁት የሚኖሩም አሉ፣ ስለዚህ ያ ሮዝ ለሱ በጭራሽ ላይታየው ይችላል፣ ሆን ብሎ እያሾፈብሽ ላይሆን ይችላል ለማለት ነው። ውሳኔው ላይ አታስገቢው፣ አንሶላውን ግን ይስቀልልሽ።

ቀቢው ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ንገሪው። አረንጓዴው ላይ መጀመሪያ ነጭ ፕሪመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መደብ) ይምታበት፣ በተለይ ስቱኮ የሚነካው ቦታ ካለ፣ አለበለዚያ የተጠገነው ቦታ ቀለሙን ለብቻው ይመጥና ደረቅ ብሎ ከቀረው ግድግዳ ይለያል። ሁለተኛ ከለሩን ራሱ «በልምዴ» እንዳይቀላቅለው፣ ኮዱን ሰጥተሽ በማሽን የተቀላቀለውን ነው የሚቀባው። ሦስተኛ ከአንድ በላይ ቆርቆሮ ከሆነ ሁሉንም አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጦ ያማስለው፣ አንድ ኮድ ሆኖ ሁለት ቆርቆሮ ትንሽ ሊለያይ ይችላል፣ ግድግዳው መሀል ላይ ከሚለያይ ባልዲው ውስጥ ይገናኝ።

መጠኑን ለማስላት፣ ክፍሉ አራት በአምስት ሜትር ሆኖ ቁመቱ 2.7 ከሆነ ዙሪያው 18 ሜትር፣ ሲባዛ 48 ካሬ ተኩል አካባቢ፣ በርና መስኮት አምስት ካሬ ቢወጣለት 44 ያህል ይቀራል፣ ሁለት እጅ ሲሆን 88። አንድ ሊትር ብዙ ጊዜ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፣ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፣ ስለዚህ 9 ሊትር ነው፣ አንድ ሊትር ጨምሪበትና 10 አድርጊው። በአንድ ጊዜ ግዢው፣ ሲያልቅ እንጨምራለን እንዳትሉ። የሚተርፈውን ክዳኑን በደንብ ገጥመሽ የከለሩን ኮድ፣ ማት ነው ሳቲን የሚለውን እና ቀኑን ላዩ ላይ ጻፊበት፣ ሶፋው ጀርባው ግድግዳውን መፋቁ ስለማይቀር እዛች ጋ ለመደባበስ ትፈልጊዋለሽ።